የአሮጌ ቡፌ የነሐስ እጀታዎችን በቤት ውስጥ እንዴት ማጽዳትና ማደስ ይቻላል?

ከአያት በተረፈ ቡፌ ወይም ቁም ሳጥን ላይ እንጨቱ ገና ጤናማ ሆኖ ሳለ ነሐሱ ቀድሞ ያረጃል። የመሳቢያው እጀታ ይጠቁራል፣ የቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ አረንጓዴ ያወጣል፣ ማጠፊያው ደግሞ ቤቱ በተቀባ ቁጥር አብሮ የዘይት ቀለም ሲጠጣ ስለኖረ ከምን እንደተሠራ እንኳ አይለይም። ብዙ ሰው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ አሮጌውን ነቅሎ ለቆራሌው ይሰጥና አዲስ ገዝቶ ይገጥማል። አዲሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስስ ቢጫ ልባጥ ያለው ቀላል ብረት ሲሆን፣ ቆራሌው በጆንያው ይዞት የሄደው ቢወለወል ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ድፍን ነሐስ ነው።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ይህን የምለው ስምንት እጀታ፣ አራት ማጠፊያና ሁለት የቁልፍ ቀዳዳ ሽፋን ያለውን የቤተሰባችንን ቡፌ በዚሁ መንገድ ስላደስኩ ነው። ከዚያ ሥራ የተማርኩት ዋናው ነገር ቶሎ ማቆምን ነው፤ ተበላሽተው ያየኋቸው የነሐስ ዕቃዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ከሚገባው በላይ የታሹ ወይም አሲድ ውስጥ የቆዩ ናቸው።

በመጀመሪያ ነሐስ መሆኑን ያረጋግጡ

ነሐስ፣ አንዳንዶች ናስ የሚሉት፣ መዳብና ዚንክ ተቀላቅለው የሚሠሩት ቢጫ ብረት ነው። ለቤት ዕቃ በሚውለው ዓይነት ውስጥ በአብዛኛው ከመቶ 60 እስከ 70 እጅ መዳብ፣ ቀሪው ዚንክ ይሆናል። ማግኔት አይስበውም። ስለዚህ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ቢኖርዎ ወደ እጀታው ያስጠጉት፤ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው፣ ቢጫው ልባጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ሙከራው በእጀታው አካል ላይ እንጂ በቪቴው ላይ አይሁን፤ በጥሩ የነሐስ እጀታ ላይ የብረት ቪቴ ማግኘት የተለመደ ነው። ማግኔቱ ካልያዘው ደግሞ ከበስተጀርባ፣ ዓይን በማያየው ቦታ ላይ፣ በቢላ ጫፍ ትንሽ ጫር ያድርጉ። ጭረቱ ቢጫ ከሆነ ድፍን ነሐስ ነው፤ ግራጫ ከሆነ በነሐስ የተለበጠ ዚንክ ነው። የተለበጠ ዕቃ በለብታ ውኃና በሳሙና ከመታጠብ ያለፈ ነገር አይችልም፤ ቢታሽ ልባጡ ያልቅና ለዘለቄታው ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

ቀጥሎ ላከር የሚባለው ግልጽ ሽፋን እንዳለውና እንደሌለው ይመልከቱ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ነሐሱ እንዳይወይብ ብለው ይቀቡታል። ሽፋኑ ሲያረጅ በጭረቶቹ ላይ ብቻ ጥቁር መስመር ያወጣል፣ ወይም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ይህ ሽፋን ሳይነሣ የሚደረግ ውልወላ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። አሲቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በጥጥ ነክረው ቢጠርጉት በአብዛኛው ይለቃል። አሲቶን በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ቡና እየተፈላ ከሆነ ደግሞ ፍሙ እስኪጠፋ ይቆዩ።

አፈታት

ነሐሱን እንጨቱ ላይ እንዳለ መወልወል የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ የውልወላው ጥቁር እድፍ ግን ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ይገባና በእጀታው ዙሪያ የማይለቅ ክብ ምልክት ይተዋል። ስለዚህ መፍታት ይሻላል። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ የካርቶን ቁራጭ ላይ የቡፌውን ፊት በግምት ይሣሉና እያንዳንዱን ቪቴ ከወጣበት ቦታ ላይ ካርቶኑን ወግተው ይሰኩት። በእጅ የተሠሩ አሮጌ ዕቃዎች ላይ ሁለት ቪቴ አንድ ዓይነት መስሎ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ እያንዳንዱ ወደ ገዛ ቀዳዳው መመለስ አለበት።

የነሐስ ቪቴ ለስላሳ ስለሆነ በጉልበት ከተጠመዘዘ አናቱ ይበላል ወይም እንጨቱ ውስጥ ይሰበራል። አስቀድመው በአናቱ ላይ ያለውን ስንጥቅ በመርፌ ጠራርገው ቀለሙንና ቆሻሻውን ያውጡ። ስንጥቁን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ ካቻቢቴ ይምረጡና ወደ መፍቻው አቅጣጫ ከማዞርዎ በፊት በጣም ጥቂት ወደ ማጥበቂያው ይግፉት። እንቢ ካለ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርገው እስከ ማግስቱ ይተዉት።

የተቀባ ቀለም ካለበት

የእኛ ቡፌ ማጠፊያዎች ሦስት ዙር ቀለም ነበረባቸው፦ ከላይ ክሬም፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሁሉ በታች ቡናማ። አሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ መፋቅም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ከዚህ በኋላ ምግብ የማይሠራበት ድስት ያዘጋጁ። ድስቱ ግን የአሉሚኒየም አይሁን፤ አሉሚኒየም ከሶዳው ጋር ሙቀት ሲያገኝ ይጠቁራል፣ ይበላል። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ላርጎ ጨምረው ዕቃዎቹን ይክተቱና ሳይንተከተክ፣ በቀስታ እንፋሎት እያወጣ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት። ነሐስና ቀለም በሙቀት የሚለጠጡት እኩል ስላልሆነ ቀለሙ ነሐሱን ይለቅና እንደ ቆዳ ይገፈፋል። ገና እርጥብ ሳለ በእንጨት ስንጥርና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። የሰማያዊው ቀለም ቁራጭ ተገልብጦ ከሥሩ የማጠፊያው ቅጠል መሰል ቅርጽ ብቅ ሲል ሳይ እኔም በዚያ ቤት ካደግሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበር። የተገፈፈውን ቀለም ሰብስበው በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉት፤ እጅዎንም በደንብ ይታጠቡ።

እጥበት፣ ከዚያም ቆም ብሎ ማየት

ቀለም ያልነካቸውን ዕቃዎች በለብታ ውኃና በላርጎ አጥበው፣ ሥርጉዱን በጥርስ ብሩሽ ጠርገው፣ ወዲያው ያድርቁ። ከዚያ ቁጭ ብለው ይመልከቷቸው። የጠቆረው ሁሉ የወየበ ነሐስ አይደለም፤ ከእጅ የመጣ ቅባት፣ የጢስ ጥላሸትና የእንጨት ቀለም ቅሪት በሳሙና ብቻ ይወጣል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሞቅ ያለ ቡናማ ቀለም ነሐሱ ከአየር ጋር እየተገናኘ ያፈራው ስስ ሽፋን ነው፤ ነሐሱን ይጠብቃል፣ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎችም በገንዘብ የሚመዝኑት እሱኑ ነው። ዕቃው በጣም አሮጌ ከሆነ ወይም ሊሸጡት ካሰቡ እዚህ ላይ ማቆምን እመክራለሁ። አረንጓዴው ግን ሌላ ነው፤ እርጥበትና ጨው ነሐሱን እየበሉት መሆኑን ስለሚያሳይ መነሣት አለበት።

አሲድ፣ በሰዓት ተይዞ

ግማሽ ስኒ አቼቶ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ያሟሙና ሊጥ እስኪመስል ድረስ የፉርኖ ዱቄት ይጨምሩበት። ዱቄቱ የሚጨመረው አሲዱ ሳይፈስ እንዲለጠፍ ነው። ቀብተው 10 ደቂቃ ያቆዩት፤ በለብታ ውኃ አጥበውም ውጤቱን ይዩ። ካልበቃ ይድገሙት እንጂ ጊዜውን አያራዝሙት። ሎሚ በጨው፣ የቲማቲም ድልህም ቢሆን፣ ሥራቸው ያው የአሲድ ሥራ ነው። በየቤቱ የሚታወቀው የተነፋ አመድ በሎሚ ለትሪና ለመቅረዝ መልካም ነው፤ ስስ ጌጥ ለተቀረጸበት እጀታ ግን አመዱ እንደ ሞረድ ስለሚበላው እኔ አልጠቀምበትም።

ሰዓቱን እንዲህ የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁለት ማጠፊያዎችን ከነቪቴዎቻቸው አቼቶና ጨው ውስጥ ዘፍዝፌ ተኛሁ። ጠዋት ሳወጣቸው ቢጫነታቸው ጠፍቶ እንደ መዳብ ሳንቲም ቀልተዋል። አሲዱ ከነሐሱ ውስጥ ዚንኩን ቀድሞ ስለሚያሟሟ ላዩ ላይ የሚቀረው መዳብ ነው። የብረት ቪቴዎቹም እንዲሁ በመዳብ ተለብጠው ነበር፤ በአሲዱ ውስጥ የሟሟ መዳብ ብረት ሲያገኝ ይለጠፍበታልና። ያንን ቅላት ለማስለቀቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት በውልወላ አሳልፌአለሁ።

አሲዱን ካጠቡ በኋላ ዕቃውን አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ነክረው የቀረውን አሲድ ይግደሉና በንጹሕ ውኃ ደጋግመው ያለቅልቁ። በሥርጉዱ ውስጥ የተረሳ ጨው በክረምት እርጥበት እንደገና አረንጓዴ ሆኖ ይመለሳል። ካጠቡት በኋላ በፎጣ አድርቀው ጥቂት ፀሐይ ላይ ያኑሩት።

ሁለት ነገሮች ፈጽሞ አይቅረቡት። አንደኛው በረኪና ነው፤ ነሐሱን ያበላሻል፣ ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ሁለተኛው አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ነው። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቸው የጥይት ቀለህ ሳይነካ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ማብራሪያ እንደሚያሳየው፣ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ቀለሁ ሲሠራ በውስጡ ተወጥሮ የቀረውን ነሐስ እየሰነጠቀው ነበር። ቀለህም የመሳቢያ እጀታም ያው ነሐስ ናቸው፤ በተለይ ከስስ ሉህ ተመትተው የተሠሩት እጀታዎች ውስጣቸው እንዲሁ የተወጠረ ነው።

ውልወላ

እንደ ብራሶ ያለ የብረት መወልወያ በአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ላይ ጥቂት ጠብ አድርገው አጫጭር በሆነ ምት ይሹ። ጨርቁ ወዲያው ይጠቁራል፤ ጥቁሩ የወየበው ሽፋንና ከነሐሱ የተፋቀ ደቃቅ ብናኝ ነው። ጨርቁ ነሐሱን ካገኘው በኋላም መጥቆሩን አያቆምም፤ ስለዚህ የጨርቁን መንጻት አይጠብቁ፣ የብርሃኑን ዓይነት ይዩ። ከፍ ያለው ቦታ ሲያበራ ያቁሙና ሥርጉዱን ጠቆር እንዳለ ይተዉት፤ የተቀረጸው ሐረግ ጎልቶ የሚታየው በዚያ ጥቁረት ነው። ሁሉም እኩል ካበራ ቅርጹ ይሞታል፣ እጀታውም ትናንት የተገዛ ይመስላል። በመጨረሻ በላርጎ አጥበው በሥርጉዱ ውስጥ የደረቀውን ነጭ የመወልወያ ቅሪት ያስለቅቁ።

የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ አይጠቀሙ። ጥልቅ ጭረት ካለ በውኃ የተነከረ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ 1000፣ ከዚያም 2000 እያሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሄድ ይቻላል፤ ይህም ወፍራም ለሆነ ዕቃ ብቻ ነው።

ጥገናና መልሶ መግጠም

የተጣመመ ስስ ሽፋን በእንጨት ላይ አጋድመው በእንጨት መዶሻ በቀስታ ቢመቱት ይቃናል። ወዲያና ወዲህ እየቆለመሙ ማስተካከል ግን ነሐሱን ያጠነክረውና ይሰብረዋል። የሚንቀጠቀጥ እጀታ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከበስተኋላው ሮንዴላ ብቻ ነው። ከስምንቱ አንዱ ጠፍቶ ከሆነ፣ መስቀል በሰም ቅርጽ የሚያወጡ የነሐስ ሠራተኞች ያለውን እንደ ናሙና ወስደው ሊያወጡልዎ ይችላሉ። ተመሳሳዩ ካልተገኘ ደግሞ የሚቀራረበውን ገዝተው ከሁሉ ታችኛው መሳቢያ ላይ ይግጠሙት፤ የእኛ ቡፌ ላይ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞላው፣ እስካሁን ያስተዋለ እንግዳ የለም።

ነሐሱን ከመግጠምዎ በፊት ፀሐይ ላይ ሞቅ አድርገው ንጹሕ ሰም በጣም በስሱ ይቀቡትና ሲበርድ በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አይያዙት፤ የጣት አሻራ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ላከር መቀባት የሚመርጡ አሉ፤ በየቀኑ እጅ በሚነካው እጀታ ላይ ግን ቶሎ ተልጦ ያን የተዥጎረጎረ መልክ ስለሚያመጣ እኔ ሰሙን እመርጣለሁ። በየስድስት ወሩ መድገም ይበቃል።

ቀዳዳው ሰፍቶ ቪቴ የማይዝ ከሆነ ሁለት የክብሪት እንጨት ኮላ ነክረው ይክተቱበትና ሲደርቅ ትርፉን በቢላ ይቁረጡት። በጠበበው ቀዳዳ ውስጥ መጀመሪያ ልኩ ተመሳሳይ የሆነ የብረት ቪቴ አስገብተው መንገዱን ያስጠርጉና ያውጡት። ከዚያ የነሐሱን ቪቴ ጥርሶች በጧፍ አሽተው በእጅ፣ ያለ ጉልበት፣ አናቱ ከሽፋኑ ጋር እስኪተካከል ድረስ ብቻ ያጥብቁት።