ልጄ ሱስ ይዞት ይሆን? ቤተሰብ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐርቡም ይሁን ባቲ፣ የወላጅ ስጋት ተመሳሳይ ነው፦ «ዓይኑ ቀልቷል፤ ጀምሮ ይሆን እንዴ?» መስጋቱ ልክ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ምልክት ይዞ መፍረድ

ዓይን የሚያቀላው ነገር ብዙ ነው። አቧራም፣ አለርጂም፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ ማፍጠጥም ያቀላል። ክብደት መቀነስ ከቲቢ ወይም ከስኳር ሊመጣ ይችላል። ልጁ ሳይመረመር «ጫታም» ተብሎ ያርፈዋል።

መታየት ያለበት የልጁ ለውጥ ነው፤ በተለይ እንቅልፉ፣ ገንዘቡና ጓደኞቹ። ጫት የቃመ ሰው ከሰዓት በኋላ ወሬው ይደራል፣ ዕቅዱ ይበዛል። ራት ሲቀርብ «በልቻለሁ» ይላል። የዓይኑ ብሌን ሰፋ ይላል። ሌሊት ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት አልነሳም ይላል። ሳይቅም በዋለበት ቀን ደግሞ ያዛጋል፣ ይነጫነጫል፤ ሐራራው ነው። ተኝቶም በዱካክ፣ ማለትም ጫት ሲቀር በሚመጣ ቅዠት፣ ይባንናል። ሱሪው ሲታጠብ ከኪሱ የደረቀ የቅጠል ብናኝና የሎዝ ገለፈት ይወጣል። ይህ ሁሉ ለሳምንታት ተደጋግሞ ከታየ፣ ያኔ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ነው።

«አያቱም ይቅሙ ነበር» ማለት

ወሎ ውስጥ ጫት ከወዳጃ (ተሰብስቦ ከሚደረግ ጸሎት) እና ከዱዓ ጋር የኖረ ነገር ነው። ዱዓ ላይ የሚቅሙትን አባት ሱሰኛ ማለት ነውር ነው፣ ስህተትም ነው። ግን የአያት ልማድ ለልጅ ልጅ ዋስትና አይሆንም። ጥያቄው ሌላ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ይችላል? ለጫት ብሎ ይበደራል? ሥራ ወይም ትምህርት ይቀራል?

ከጫቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ጨብሲው ነው። ምርቃናውን፣ የጫቱን ሞቅታ፣ ለመስበር በየማታው አረቄ ወይም ቢራ የለመደ ልጅ፣ ሳያውቀው ሁለት ሱስ ይዞ ይገኛል።

ከፋርማሲ የመጣ ሁሉ መድኃኒት ነው ብሎ ማሰብ

ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ከሞርፊን ቤተሰብ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር ሱስ ያሲዛል፣ ሲበዛም እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥል ይችላል። ምልክቱ ከጫት ተቃራኒ ነው፦ ድብታ፣ ማሳከክ፣ የጠበበ ብሌን። ፍራሽ ሥር የተገኘን ባዶ የኪኒን ማሸጊያ ሳትጥሉ ስሙን አንብቡ።

ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹ ከዘገየና ከንፈሩ ከጠቆረ ወተት ልጋተው አትበሉ። በጎኑ አስተኝታችሁ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ሞቅ ባለው ሰዓት መጨቃጨቅ

የመረቀነ ልጅ ሁሉን እሺ ይላል፣ የሰከረው ደግሞ ይደባደባል። ሁለቱም ነገ አያስታውሱትም ወይም አይፈጽሙትም። ጠዋት፣ ቡና ላይ፣ ጎረቤት ሳይሰማ ይሻላል። የአጎት ወይም የጎረቤት ሽማግሌ ከአባት ቁጣ በላይ የሚሰማበት ጊዜም አለ።

ጠጪን በአንድ ቀን ማስቆም

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረን ሰው ቤት ቆልፎበት ወይም ጸበል ወስዶ በድንገት ማስቆም ሊገድለው ይችላል። ካቆመ ከሰዓታት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ቅዠት፣ የሌለ ነገር ማየትና መደናገር ሊመጣ ይችላል። ሰው ግን ይህን «ሰይጣኑ ሲለቀው ነው» ብሎ ዝም ይላል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ማቋረጡ ግን በሐኪም ክትትል ይሁን።

ጫት ማቆም እንዲህ አይገድልም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ፣ ድካምና ክፉኛ መከፋት ይበዛል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ዕዳውን በዝምታ መክፈል

እናቶች ይህን ያደርጋሉ፤ አባት እንዳይሰማ። የተከፈለው ብር ግን ለቀጣዩ ዱቤ በር ይከፍታል። ምግብና ማደሪያ አትከልክሉት፣ ብር በእጁ አትስጡት።

ለሐኪሙ ግማሹን መደበቅ

በቅርብ ያለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ። ደሴ ሪፈራል የምንለው ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሲሄዱ ምን እንደሚወስድ፣ ስንት ጊዜ እንደሆነውና መጨረሻ የወሰደው መቼ እንደሆነ ሳያፍሩ ይንገሩ። ያቺን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ።