የመስሪያ ቤት ማጭበርበርን እንደ ድርጅታችሁ መጠን እንዴት ትከላከላላችሁ

ሰው "እኛ እኮ ትንሽ ነን ማን ይሰርቀናል" ይላል፣ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ትልቅ ካምፓኒ ኦዲተር አለው፣ ብር ቢጎድልም ይቋቋመዋል፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ግን ክፍያ የሚቀበለውም፣ ሂሳብ የሚመዘግበውም፣ ባንክ የሚሄደውም ያው አንድ ሰው ነው፣ ችግሩ እዛ ጋ ነው።

መጀመሪያ እነዚህን ስራዎች ለተለያየ ሰው አከፋፍሉ። ሰው የለንም ካላችሁ ደሞ ባለቤቱ ራሱ የባንክ ስቴትመንቱን በየወሩ ከባንክ ተቀብሎ ከደረሰኝ ጋር ያመሳክር (አሰልቺ ነው አውቃለሁ)። ፈቃድ መውጣት የማይወድ ሂሳብ ሰራተኛ ካለ በግድም ቢሆን አስወጡት፣ የተደበቀ ነገር ካለ ስራውን ሌላ ሰው ሲይዘው ያኔ ይወጣል።

ትልቅ ድርጅት ላይ አይነቱ ይለያል፣ ከአቅራቢ ጋር ተመሳጥሮ ጉቦ መብላት፣ የሌለ ሰራተኛ ፔይሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ ማስገባት ምናምን። የአቅራቢዎችን አካውንት ቁጥር ከሰራተኞች አካውንት ቁጥር ጋር አስተያዩ፣ የሚገጥም ካለ ጠይቁ። በጎ አድራጎት ላይ ደሞ ከብሩ በላይ የሚጎዳው ስሙ ነው፣ ለጋሽ ከሸሸ መመለስ ይከብደዋል።

ጥቆማ አትናቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም አቀፉ የማጭበርበር መርማሪዎች ማህበር (ACFE) ሪፖርት ላይ ከኬዞቹ 43 በመቶው የተጋለጡት በጥቆማ ነው፣ ከጠቋሚዎቹም ከግማሽ በላዩ ሰራተኞች ናቸው። ስለዚህ ሰው ስሙን ሳይናገር የሚጠቁምበት መንገድ ክፈቱ፣ ጥቆማው ግን የሚጠረጠረው አለቃ እጅ እንዳይገባ አደራ።