አዲስ አበባ ለገባ ሰው፦ ሲም፣ ፋይዳ፣ ቴሌብርና ፓስፖርት በቅደም ተከተላቸው

ከክፍለ ሀገር መጥቶ አውቶቡስ ተራ የወረደ ሰው፣ እዚሁ ሥራ ሊይዝ ያሰበም ሆነ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር የተዘጋጀ፣ የመንግሥትን አገልግሎት በስልክና በኢንተርኔት ሲጠይቅ ደጋግሞ የሚሰናከልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስሙ በየወረቀቱ ተለያይቶ መጻፉ ነው። ሁለተኛው በእጁ ያለው ሲም ካርድ በወንድሙ፣ በአሠሪው፣ አንዳንዴም በደላላው ስም መመዝገቡ ነው። ሁለቱን መጀመሪያ ካላስተካከሉ ሌላው ሁሉ ይጓተታል።

ከሲሙ ይጀምሩ። መታወቂያዎን ይዘው ቴሌ ሽያጭ ማዕከል ይሂዱና ቁጥሩ በማን ስም እንዳለ ያስጠይቁ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ በራስዎ ስም ሌላ ያውጡ። ይህን የምንለው የፋይዳም (የብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ) ሆነ የቴሌብር (የቴሌ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት) ማረጋገጫ ቁጥር የሚላክልዎት በስልክ መልእክት ስለሆነ ነው። ስልኩ ቢጠፋ ሲሙን መልሶ ማውጣት የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ ከእሱ ጋር ከተጣሉ ቁጥሩም ገንዘቡም እጁ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ቀጥሎ ፋይዳ። ምዝገባው በነፃ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ «አስመዝጋቢ» ካጋጠመዎት ይተዉት። በቴሌ ማዕከላትና በባንክ ቅርንጫፎች ይመዘገባል። የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ማስረጃ ይያዙ፤ ምንም ከሌለዎት ፋይዳ ያለው ሰው ምስክር ሊሆንልዎት ይችላል። የአሥሩም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖች ምስልና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። ሲሚንቶና ኖራ ሲያቦኩ የከረሙ ሠራተኞች አሻራቸው ስለሚሻክር ማሽኑ አላነብም ይላል። ከተቻለ ሁለት ሦስት ቀን ከሲሚንቶ አርፈው፣ ማታ ማታ እጅዎን ቅባት ይቀቡ፤ በዕለቱ ግን በሳሙና ታጥበው አድርቀው ይሂዱ። ነጠላና ኮፍያ ፊትን እንዳያጠላ ገለጥ ያድርጉት፤ መነጽርም ይውለቅ።

ትልቁ ጥንቃቄ ጸሐፊው ስምዎን ሲያስገባ ነው። ስክሪኑን እንዲያዞርልዎት ይጠይቁና አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም ፊደል በፊደል ይመልከቱ፤ ማንበብ ካልቻሉ የሚያነብልዎት ሰው ይዘው ይሂዱ። «ኃይሉ» የሚለውን ስም አንዱ መሥሪያ ቤት መካከሉን በ«አይ»፣ ሌላው በ«ዋይ» ይጽፈዋል። ለእርስዎ ያው አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰው ነው። የልደት ወረቀትዎ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ በቁራጭ ወረቀት ገልብጠው ኪስዎ ይያዙና በየሄዱበት እሱኑ ያሳዩ።

የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው በደፈናው 8 ዓመት ይደምራል። ጥር 10 ቀን 1990 በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 18 ቀን 1998 ነው፤ እዚህ ላይ 8 መደመሩ ልክ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1990 ግን ኦክቶበር 20 ቀን 1997 ነው፤ ልዩነቱ 7 ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለዱ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወሩና ቀኑም እንደሚቀየሩ አይርሱ።

ሲጨርሱ 29 አኃዝ ያለው የምዝገባ ቁጥር የታተመበት ወረቀት ይሰጥዎታል። ዋናው 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር በስልክ መልእክት እስኪደርስዎት ድረስ አይጣሉት፤ ከዘገየ የሚጠየቀው በእሱ ነው። ፋይዳ የወረዳን የነዋሪነት መታወቂያ አይተካም። አዲስ አበባ ነዋሪ ሆነው ለመመዝገብ አሁንም ከቀድሞው ቀበሌዎ መሸኛ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከአገር ቤት ሲነሡ አስጽፈው ይምጡ።

ለቴሌብር ስማርት ስልክ የግድ አይደለም፤ ባለ ቁልፍ ስልክም በ*127# ይሠራል። የሚስጥር ቁጥሩ 6 አኃዝ ነው፤ የልደት ቀንዎን አያድርጉት። ገንዘብ ሲልኩ የተቀባዩን ስም ሳያዩ የሚስጥር ቁጥር አይምቱ። «በስህተት ብር ልኬልሃለሁ፣ መልስልኝ» የሚል ጥሪ ሲመጣ የደረሰዎትን መልእክት አይመኑ፤ ራስዎ ቀሪ ሂሳብዎን ይዩ። የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው፣ የቴሌ ሠራተኛ ነኝ ቢልም፣ አይሰጠውም።

ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው ቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ አካባቢ ወዳለው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ከመሄዱ በፊት ማመልከቻውን በኢንተርኔት ይሞላል። የድረ ገጹ አድራሻ በ«ጎቭ ዶት ኢቲ» (.gov.et) የሚያልቅ መሆኑን ይዩ። አዲስ፣ እድሳት ወይም ምትክ መሆኑን ይመርጣሉ፤ ቦታና የቀጠሮ ቀን ይይዛሉ፤ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በየሳጥኑ ያስገባሉ፤ መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት ይጭናሉ፤ ከዚያ በሚሰጥዎት ቁጥር ይከፍላሉ። ወረቀቶቹን ፎቶ ሲያነሡ መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አራቱም ማዕዘን ገብቶ፣ ማኅተሙ እንዲነበብ አድርጉ። በቀጠሮው ቀን የታተመውን ማመልከቻና ዋናዎቹን ወረቀቶች ይዘው ይቅረቡ።

ኢንተርኔት ቤት የሚያስሞሉ ከሆነ ኢሜይሉም ስልኩም የራስዎ ይሁን። ባለቤቱ ለማፍጠን በራሱ ኢሜይል ከሞላው መልሱ ለእሱ ይሄዳል፤ ነገ ሱቁ ቢዘጋ ማመልከቻዎን የት እንደሚያገኙት አያውቁም። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን የመታወቂያ ፎቶ አስጠፉ፤ የተሰረዘው ከሚጠራቀምበት «ሪሳይክል ቢን»ም ጭምር።

ለውጭ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ይመዘገባሉ። ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ብር ከመስጠትዎ በፊት ያጣሩ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ የፓስፖርትና የሕክምና ምርመራ ወጪ የሠራተኛው ነው። ትኬት ክፈይ የሚሉሽ ካሉ፣ እህቴ፣ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው።

ከመብረርዎ በፊት የፋይዳውን ዲጂታል ቅጂ አውርደው፣ ከውሉና ከፓስፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ ጋር ለሚያምኑት ቤተሰብ ይላኩ። የኢትዮጵያውን ሲም አብረው ይውሰዱ፤ ለረጅም ጊዜ ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ሲም ሊዘጋ ስለሚችል አልፎ አልፎ ከአገር ቤት ሰው እንዲሞላበት ያድርጉ።