ለትልቅ ጣሳ የሚታጠፍ ማንጠልጠያ እንዴት እንደሚሠራ

ጎጃም ውስጥ ባዶ ጣሳ አይጣልም። ጠላ ይጠጣበታል፣ እህል ይሰፈርበታል፣ ዘር ይቀመጥበታል። ችግር የሚመጣው ጣሳው ትልቅ ሲሆን ነው። ሆቴሎች የሚጠቀሙበትን ትልቁን የሳልሳ ጣሳ አስቡት። የአፉ ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ወደ 3 ሊትር ይይዛል። ውሃ ከተሞላ 3 ኪሎ ማለት ነው። በአንድ እጅ አይጨበጥም። በሁለት እጅ ካቀፉት ደግሞ በር የሚከፍት እጅ አይተርፍም።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ከአፉ ዝቅ ብሎ ሁለት ቦታ በምስማር ይበሳና ሽቦ ያስገባበታል። ለጊዜው ይሠራል። የጣሳ ግድግዳ ግን ውፍረቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሽቦው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀዳዳውን እየቀደደ ያሰፋዋል። አንድ ቀን ጠላው ደቦው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ሽቦው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ጣሳውን ከረጢት ውስጥ መክተት፣ በላዩ ሌላ መደርደር፣ ክዳን መግጠም ሁሉ ጣጣ ነው።

እዚህ የማሳያችሁ ማንጠልጠያ ጣሳውን አይበሳም። ሲፈለግ ይነሳል፣ ሲበቃ ወደ ጎን ተኝቶ የጣሳውን አንገት ይከባል። ዋናው ሥራ እጅ የሚይዘው ሽቦ ላይ አይደለም። ሽቦው ከጣሳው ጎን የሚያያዝበት ጆሮ ላይ ነው። ጆሮው ከጠነከረ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

ጣሳውን መምረጥ

የቀለም፣ የመኪና ዘይት፣ በተለይ ደግሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ ለሚበላና ለሚጠጣ ነገር አይሆንም። ታጥቦም አይሆንም፣ ተቀቅሎም አይሆንም። የእርሻ ኬሚካል የነበረበት ከሆነማ ለከብት ውሃም አትጠቀሙበት። የሳልሳ፣ የዱቄት ወተት ወይም የምግብ ዘይት ጣሳ ፈልጉ።

ቀጥሎ አፉን እዩ። አፉ ላይ ዙሪያውን የተጠቀለለ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ወጣ ያለ ከንፈር አለ። ይህ ከንፈር ጣሳው እንዳይጨማደድ ያጠነክረዋል። ለእኛ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የምንሠራው የሽቦ ቀበቶ ወደ ላይ ሲሳብ እሱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ስለዚህ ከንፈሩ በመክፈቻ ተቆርጦ የወጣ ጣሳ ለዚህ ሥራ አይረባም።

አብዛኞቻችን ጣሳ የምንከፍተው በቢላ ነው። አይፈረድብንም። የታሸገ ምግብ ቆርቆሮ እንግሊዝ አገር ፓተንት ያገኘው በ1810 እ.ኤ.አ. ነው፤ መክፈቻው ግን ከ40 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የመጣው። እስከዚያ ሰው በመሮና በመዶሻ ነበር የሚከፍተው። የቢላ ክፋቱ የሚተወው ጥርስ ነው። ጥርሱን በፒንሳ ወደ ውስጥ ቆልምሙት። ከግድግዳው ጋር እስኪጣበቅ ቀስ ብላችሁ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። የቀረውን በሞረድ አለስልሱት። ጓንት ከሌላችሁ ወፍራም ጨርቅ እጃችሁ ላይ ጠቅልሉ፤ ጣሳ ሲቆርጥ ጥልቅ ነው የሚቆርጠው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለቀበቶው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ሽቦ፣ ለማንጠልጠያው 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠንከር ያለ ሽቦ ያስፈልጋል። ብረታ ብረት መሸጫ ሱቆች አያጡትም፤ ከአጥር የተረፈ ካላችሁም ደህና ነው። ግንበኞች ፌሮ የሚያስሩበት ጥቁር ሽቦ ለብቻው ይቀጥናል። ሁለት አድርጋችሁ ከጠመዘዛችሁት ግን ለቀበቶ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ማርከር፣ ክር፣ እርሳስ የሚያህል ክብ ብረት ወይም ብሎን ያዙ።

ለመጨበጫው እንጅባራ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ። የአዊ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀጭኑን ቆርጦ ሽቦው ላይ መሰካት ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ሸምበቆ ወይም ከአሮጌ የውሃ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይጠቀም። መጨበጫ አያስፈልግም ብላችሁ አትዝለሉት። 3 ኪሎ በ3 ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ ሲንጠለጠል ጣት ይቆርጣል።

ሁለቱን ጆሮዎች ፊት ለፊት ማድረግ

ጆሮዎቹ በትክክል ፊት ለፊት ካልሆኑ ጣሳው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በዓይን መገመት አይበቃም፤ ሜትርም አያስፈልግም። ክሩን ከከንፈሩ ሥር ዙሪያውን አዙሩና ጫፉ የተገናኘበት ላይ ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት፤ እጥፋቱ ላይ በማርከር ምልክት አድርጉ። ክሩን መልሳችሁ ስታዞሩት ጫፎቹ የተገናኙበት አንዱ ጆሮ ነው፣ ምልክቱ ያረፈበት ሌላው። ሁለቱንም ቦታ ጣሳው ላይ ምልክት አድርጉባቸው። የጣሳው የጎን ስፌት ጆሮው ሥር ባይውል ይሻላል፤ ከፍ ያለ ስለሆነ ጥምዘዛውን ያንሻፍፈዋል።

ክሩን አትጣሉት። ገና እንፈልገዋለን።

ቀበቶው

15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ላለው ጣሳ ዙሪያው 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ግማሹ 24 ተኩል ነው። በየጫፉ 7 ሴንቲ ሜትር ስትጨምሩ 38 ተኩል ይሆናል፤ 39 በሉት። በዚህ ልክ ከቀጭኑ ሽቦ ሁለት ቁረጡ።

አንዱን ሽቦ በፊት፣ ሌላውን በኋላ ከከንፈሩ ሥር አስጠጉና ምልክቶቹ ላይ አገናኟቸው። በአንዱ በኩል በእጅ አንድ ሁለት ዙር ጠምዝዙ። ከዚያ በሌላው በኩል እንደዚሁ። አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። ቀበቶው ወደዚያ ይሳባል፣ ጆሮውም ከምልክቱ ይሸሻል። እያፈራረቃችሁ ነው ማጥበቅ ያለባችሁ።

በፒንሳ ስታጠብቁ መጀመሪያ ጥምዝዙን ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጉት፣ ከዚያ ግማሽ ዙር ጠምዝዙ። እንደገና ሳብ፣ እንደገና ግማሽ ዙር። ሳይስቡ መጠምዘዝ ሽቦውን ከሥሩ ይበጥሰዋል እንጂ አያጠብቀውም። ሦስት አራት ዙር ሲሆን ቀበቶውን በአውራ ጣት ወደ ታች ገፋ አድርጉት። ካልተንሸራተተ በቃ። ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ቆርቆሮው ይሰረጉዳል።

አሁን በሁለቱም በኩል የሽቦ ጅራት ተርፏል። ጅራቱን እስከ ጫፉ እንደ ገመድ ግመዱት። ከዚያ እርሳስ የሚያህለውን ብረት ከጣሳው ጎን አግድም ያዙ፤ ጣሳውን ዳበስ አድርጎ የሚያልፍ እንጂ ወደ ጣሳው የሚያመለክት አይሁን። ጅራቱን በብረቱ ላይ ወደ ላይ ጠቅልላችሁ ቀለበት አድርጉት። የተረፈችው ጫፍ ወደ ሥሩ ተመልሳ አንድ ዙር ትጠምጠም፤ ሹሏን በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኟት። ይሄው ጆሮ።

አንዳንዱ የብየዳ እርሳስ (ሊድ) አቅልጦ ጆሮ መለጠፍ ይቀናዋል። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። የተለመደው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅልቅል 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እሳት አጠገብ ከተቀመጠ ጆሮው ተላቆ ይወድቃል። ደግሞም እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሚጠጣ ነገር አጠገብ ምን ይሠራል?

ማንጠልጠያው

መታጠፍ አለመታጠፉን የሚወስነው ቁመቱ ነው። ማንጠልጠያው ሲቆም ከጆሮው እስከ አናቱ ያለውን ርቀት አስቡ። ከጣሳው ስፋት ግማሽ ካነሰ፣ ወደ ጎን ሲወርድ ከንፈሩ ላይ ይቀመጥና አፉን ይዘጋል። ከግማሹ ትንሽ ከበለጠ ከንፈሩን አልፎ ከሥሩ ያርፋል። እኛ የምንፈልገው ይህንን ነው። በጣም ከበለጠ ደግሞ ጣሳውን መክበቡ ይቀርና ወደ ታች ተዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

ለእኛ ጣሳ ሒሳቡ እንዲህ ነው። የ15 ተኩል ግማሽ 7 ከሦስት አራተኛ ነው። ለከንፈሩና ለመንቀሳቀሻ 1 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። መጨበጫው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ የውፍረቱን ግማሽ ጨምሩ። መጨበጫው 2 ሴንቲ ሜትር ከወፈረ ሌላ 1 ማለት ነው። ድምሩ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይመጣል። አራት ጣት እንደ ልቡ ይገባበታል።

ርዝመቱን በክሩ ለኩ። ከአንዱ ጆሮ ተነስታችሁ፣ ከጆሮው 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ፣ ወደ ሌላው ጆሮ አምጡት። በየጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ለዚህ ጣሳ 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ወፍራሙን ሽቦ በዚህ ልክ ቁረጡና መጨበጫውን መጀመሪያ አስገቡ። ሁለቱም ጫፍ ከተቆለመመ በኋላ መጨበጫ ማስገባት አይታሰብም። ከዚያ ሽቦውን ክብ ነገር ላይ ደገፍ አድርጋችሁ እጠፉት፤ ድስት ይሁን ግንድ ለውጥ የለውም። የምታጥፉበት ነገር ከምትፈልጉት ትንሽ ይጥበብ፤ ሽቦ ሲለቁት መልሶ ይከፈታል። መጨበጫው ያለበት መሃሉ ቀጥ ብሎ ይቅር።

አሁን በየጫፉ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ በየት በኩል እንደሚዞር ልብ በሉ። ማንጠልጠያውን ጠረጴዛ ላይ ስታጋድሙት ሁለቱ ቀለበቶች ጠረጴዛው ላይ መተኛት የለባቸውም፤ ወደ ላይ መቆም አለባቸው። እንደዚያ ከሆኑ ከጆሮው ጋር እንደ ሰንሰለት ተያይዘው እንደ ልብ ይዞራሉ። ከተኙ ግን ማንጠልጠያው ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል፤ በኃይል ስታወርዱት ጆሮውን ያጣምመዋል።

ቀለበቶቹን ግማሽ ክፍት አድርጋችሁ ጆሮው ውስጥ አስገቡ፤ ከዚያ በፒንሳ ዝጉ። ጫፉ ሙሉ በሙሉ እስኪገናኝ ዝጉት። ትንሽ ክፍተት ከቀረ በክብደት ቀስ እያለ ይከፈታል።

መሞከር

ጣሳውን ውሃ ሙሉና በማንጠልጠያው ምስማር ላይ ሰቅላችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሦስት ነገር እዩ። ቀለበቶቹ ተከፍተዋል? ቀበቶው ከከንፈሩ ጋር እንደተጣበቀ ነው? ጣሳው ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል? ቀጥ ካላለ አንዱ ጆሮ ከምልክቱ ሸሽቷል ማለት ነው፤ ቀበቶውን ፈታ አድርጋችሁ ማዞር ነው። ከዚያ በእጅ ይዛችሁ ትንሽ አወዛውዙት። ከሰው ትከሻ ጋር ሲጋጭ የሚደርስበት ከዚህ አይበልጥም።

ጆሮው ከአፉ አጠገብ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀበቶውን ወደ ወገቡ ብታወርዱት ክብደቱ ከጆሮው በላይ ይሆንና የሞላ ጣሳ ይገለበጥባችኋል።

ለትንሽ ጣሳ

የዱቄት ወተት ጣሳ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው ሒሳብ መጨበጫ የሌለው ማንጠልጠያ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ሁለት ሦስት ጣት ይገባዋል፤ ለአንድ ኪሎ ይበቃል። መላው እጅ ይግባ ካላችሁ 8 አድርጉት፤ ሲታጠፍ ግን እንደ ትልቁ አይተኛም፣ ያዘቀዝቃል። ለዚህ ልክ የብስክሌት ጎማ ቸርኬን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ግሩም ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፣ ቶሎ አይዝጉም። ባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥርስ ያለውን ጫፍ ቆርጣችሁ ጣሉት። ጣሳው የላስቲክ ክዳን ካለው ቀበቶው ከክዳኑ ዝቅ ብሎ ስለሚያርፍ አይጋጩም።

እሳት ካለበት

ውስጡ ነጭ ወይም ወርቃማ ቅብ ያለው ጣሳ ማብሰያ አይሁን፤ ቅቡ ለምድጃ አልተሠራም። ዚንክ የተነከረ ነጭ ሽቦም ውሃ ለመሸከም እንጂ እሳት ላይ አይሁን፤ ሲግል የሚወጣው ጭስ ሳምባ ይጎዳል። ጥቁሩን ተጠቀሙ።

ንብ ለሚያጨስ ሰው ግን ይህ ማንጠልጠያ በጣም ይመቻል። አደይ ረግፎ በጥቅምትና በኅዳር ማር ሲቆረጥ፣ ኩበት የሚጤስበት ጣሳ በአንድ እጅ ይዞ ዛፍ መውጣት ከባድ ነው። ቅርንጫፍ ላይ የሚሰቀል ከሆነ ሁለቱም እጅ ነፃ ይሆናል። ለዚህ አሠራሩን ትንሽ ቀይሩ። ከጣሳው ታች አየር የሚገባባቸው አራት አምስት ቀዳዳዎች ብሱ። ማንጠልጠያውን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት፤ ሙቀቱ እጅ ጋ እንዳይደርስ ነው። የጎማ መጨበጫ ይቀልጣል፤ ቀርከሃ ይሁን። ቀለበቶቹንም ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ዝጓቸው፤ ማንጠልጠያው ባቆማችሁት ቦታ ይቆይ እንጂ ወደ ጋለው ቆርቆሮ አይውደቅ። በዚያ ወር ሣሩ መድረቅ ስለሚጀምር ሥራው ሲያልቅ ኩበቱን አትድፉት፤ እዚያው ጣሳው ውስጥ ውሃ አፍስሱበት።