ተዘግቶ የቆየ የአበባ ሱቅ ሲከፈት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱቁ የተዘጋው ለሳምንታትም ለወራትም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ሕመም፣ እድሳት፣ ሐዘን ወይም የገንዘብ እጥረት ሊሆን ይችላል። አሁን በሩ ሊከፈት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለሱቆች ሐሳባቸውን የሚጥሉት ባነሩ፣ ፊኛውና የመክፈቻ ቅናሹ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አራተኛው ቀን ነው። ደንበኛው አበባውን ቤቱ ወስዶ ውሃ ውስጥ ያደርገዋል። በአራተኛው ቀን ጽጌረዳው አንገቱን ደፍቶ ካገኘው “ከተዘጉ ወዲህ እንደ በፊቱ አይደሉም” ይላል። ለጎረቤትም ይነግራል። አምሮ ከቆየለት ደግሞ ሱቁ መመለሱን ያኔ ያምናል። ከታች ያሉትን ስህተቶች የመረጥኳቸው ይህን እያሰብኩ ነው።

አቅርቦቱ ሳይረጋገጥ ቀን መቁረጥ

“ቅዳሜ እንከፍታለን” ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው። አበባ ግን መደርደሪያ ላይ ቆይቶ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም። እርስዎ በተዘጉበት ጊዜ አቅራቢዎ ድርሻዎን ለሌላ ሱቅ ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። የሚያመጣበት ቀንም ተቀይሮ ይሆናል። ያልተከፈለ የቆየ ሂሳብ ካለ ደግሞ ከመጀመሪያው ትእዛዝ በፊት ተነጋግሮ መጨረስ ይሻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ “በቅርቡ እንመለሳለን” ብቻ ይበሉ። የመጀመሪያው ጭነት መቼ እንደሚገባ በእርግጠኝነት ሲያውቁ ቀኑን ይናገሩ። መክፈቻውንም አበባው ከገባ በማግስቱ ያድርጉት። ከጉዞ የመጣ አበባ ግንዱ ተቆርጦ ለሰዓታት፣ ቢቻል ሌሊቱን ሙሉ፣ ውሃ መጠጣት አለበት። ጠዋት ከሳጥን አውጥቶ ረፋድ ላይ መሸጥ የተጠማ አበባ መሸጥ ነው።

በአሮጌ ባልዲ አዲስ አበባ መቀበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህንን ነውና።

ተዘግቶ በቆየ ሱቅ ውስጥ ባልዲዎቹ ንጹሕ መስለው ይታያሉ። ጣትዎን ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ያሹት። የሚያዳልጥ ነገር ካገኙ ባክቴሪያ ነው። ውሃ ሲጨመርበት መራባቱን ይቀጥላል፤ በተቆረጠው ግንድ ጫፍ ገብቶ የውሃውን መተላለፊያ ይደፍናል። አበባው ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ጽጌረዳ አንገቱን የሚደፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሳሙናና በብሩሽ በደንብ ይሹት። ከዚያ በውሃ በቀጠነ በረኪና ያጽዱት፣ ያለቅልቁት፣ ገልብጠው ያድርቁት። መቀሱንና ቢላውንም እንዲሁ። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት የጽዳት ፈሳሽ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዛማ ነው።

ማቀዝቀዣውን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አስነስተው ውስጡ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ። ለአብዛኛው የተቆረጠ አበባ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። እንደ ኦርኪድና አንቱሪየም ያሉት የሞቃት አገር አበቦች ግን በዚህ ቅዝቃዜ ይጎዳሉ። ከ10 ዲግሪ በላይ፣ ወደ 13 ገደማ ይፈልጋሉ። ለእነሱ የሚሆን ቦታ ከሌለዎት ለጊዜው አያምጧቸው።

ሌላም ነገር አለ። ሱቅ ተዘግቶ ሲቆይ የአበባው ፍሪጅ የምሳና የፍራፍሬ ማስቀመጫ ይሆናል። የበሰለ ሙዝና ፖም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ይህ ጋዝ አበባን ያስረጃል። ካርኔሽን በተለይ አይችለውም፤ የአበባ ቅጠሎቹን (ባለቀለሞቹን) ወደ ውስጥ አጥፎ ይተኛል። ፍሬውን ያውጡ፣ ፍሪጁን ይጠቡ። የረገፈና የበሰበሰ ቅጠልም ይህንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ጥግ ጥጉን ይመልከቱ።

ከቀረው ዕቃ ውስጥ እርጥበት አግኝቶት የተጋገረ የአበባ ምግብ ይጣል። አንዴ ርሶ የደረቀ የአበባ መሰኪያ ስፖንጅ ውሃ እንደገና በደንብ አይመጥም፣ እሱም ይጣል። መስኮት ላይ ፀሐይ የመታው ሪባንም እንደዚያው።

በመጀመሪያው ቀን ሱቁን ከአፍ እስከ ገደፉ መሙላት

ባዶ ባልዲ ማሳየት ያሳፍራል ብለው ብዙዎች ያገኙትን ሁሉ ይገዛሉ። ግማሹ ሳይሸጥ ይቀራል። ከዚያ ለመጣል ያሳዝንና በሦስተኛው ቀን ለሚመጣው ደንበኛ ይሰጣል። ያ ሰው ምን ጥፋት አለበት?

በጥቂት ዓይነት ይጀምሩ፤ ያውም ረጅም ጊዜ በሚቆዩት። ካርኔሽን በደህና ከተያዘ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ክሪሳንተመምና አልስትሮሜሪያም ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳሉ። ጽጌረዳ ሳይኖር አበባ ሱቅ መክፈት ይከብዳል፣ እሱ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ነው። ቱሊፕ ያምራል፤ ነገር ግን ከሳምንት የዘለለ ዕድሜ የለውም፤ ከተቆረጠም በኋላ ማደጉን ስለሚቀጥል ቅርጹን ይቀይራል። የሚያውቅ ደንበኛ ይወደዋል። ለመጀመሪያው ሳምንት ግን እኔ ብዙ አልገዛም።

ባልዲዎቹ ጥቂት ከሆኑ ሰብሰብ አድርገው በር አካባቢ ያስቀምጧቸው። ሱቅ ሙሉ የሚመስለው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ሲሞላ ነው።

መክፈቻውን ከትልቅ በዓል ጋር ማጋጨት

“ለፍቅረኞች ቀን እንድረስ” የሚለው ፈተና ከባድ ነው። ገቢው ያጓጓል። ነገር ግን ከፌብሩዋሪ 14 በፊት ባሉት ቀናት የጽጌረዳ የጅምላ ዋጋ ይወጣል፤ አቅራቢውም ቅድሚያ የሚሰጠው ሲገዙት ለከረሙት ነው። እጅዎም ገና አልተፍታታም፤ በቀን ብዙ እቅፍ ማሰር የለመደ እጅ ከእረፍት ሲመለስ ይዘገያል። በእናቶች ቀንም ያው ነው። በዚያ ቀን የዘገየ ወይም የተሳሳተ አበባ ደግሞ አይረሳም።

ከበዓሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው ይክፈቱ። ካልቻሉ በዓሉን አሳልፈው ይክፈቱ። ያለ ማስታወቂያ ለጥቂት ቀን በሩን ከፍቶ መሥራትም ጥሩ ነው፤ የካርድ ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ፣ ስልኩ ይጠራ እንደሆነ ያኔ ይታወቃል።

በር ላይ ሌላ፣ ስልክ ላይ ሌላ

ጉግል ማፕ ላይ “ለጊዜው ተዘግቷል” የሚለው ሳይነሳ፣ ፌስቡክ ላይ “ተከፍተናል” ተብሎ፣ በሩ ላይ ደግሞ ያረጀው ወረቀት እንደተለጠፈ ይቀራል። የሥራ ሰዓቱን፣ ስልኩንና አድራሻውን በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን ያስተካክሉ። ያስተዋወቁትን ሰዓት ደግሞ ያክብሩ። እስከ ምሽት እንሠራለን ብሎ ከሰዓት በኋላ መዝጋት ከመጀመሪያው መዘጋት የበለጠ ያስቀይማል።

ስለተዘጋው ጊዜ ብዙ ማውራት፣ ወይም ጭራሽ ዝም ማለት

ረጅም የችግር ታሪክ መለጠፍ ደንበኛን ያስጨንቃል። ዝምታ ደግሞ ወሬ ይፈጥራል፦ “ከስረው ነው”፣ “ተሸጦ ነው” ይባላል። ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦

“በጤና ምክንያት ሱቃችንን ዘግተን ቆይተናል። አሁን ተመልሰናል። ስለጠበቃችሁን ከልብ እናመሰግናለን።”

አብረዎት የሚሠሩት ሰዎችም ይህንኑ ይናገሩ። አንዱ እድሳት፣ ሌላው ሕመም ካለ ደንበኛው ማንን ይመን? ከዚያ አልፎ መተረክ የሚፈልጉት ካለ ለሚቀርብዎት ደንበኛ ፊት ለፊት ይንገሩት።

የቆየ ቀብድ ያለበትን ሰው መርሳት

ይህ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። ሱቁ ድንገት ሲዘጋ በመካከል የተንጠለጠለ ሰው ይኖራል። ለሠርግ ቀብድ የከፈለ። በየሳምንቱ ለቢሮው አበባ እንዲመጣለት የወር ሂሳብ ያስቀደመ። የስጦታ ኩፖን ገዝቶ ለእህቱ የሰጠ። እነዚህ ሰዎች የመክፈቻ ማስታወቂያዎን ሲያዩ መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው ገንዘባቸው ነው።

በሩ ከመከፈቱ በፊት መዝገቡን ገጽ በገጽ ያንብቡ። ለእያንዳንዳቸው ይደውሉ። ጽሑፍ መላክ ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅዎን ይስሙ። ይቅርታ ይጠይቁና ምርጫውን ለእነሱ ይተዉ፦ ገንዘቡ ይመለስ ወይስ በአበባ ይሁን? ገንዘቡን ቀድመው ይጥቀሱ። “በሌላ ጊዜ በአበባ እናካክሳለን” ብቻ ካሉ ገንዘቡን የመጠየቁን ሸክም ለተጎዳው ሰው ጣሉበት ማለት ነው። አንድ ላይ መክፈል ካልቻሉ ቀን ቆርጠው ይንገሩ፤ በቀኑም ይክፈሉ።

የኩፖኑ ጊዜ ያለፈው እርስዎ ተዘግተው ሳለ ከሆነ ይቀበሉት። ስለ ጊዜ ገደቡም ባይናገሩ ይሻላል።

ሠርጉ ያለ አበባ ያለፈ ሰው ካለ የቅናሽ ካርድ አይላኩለት። ያ ቀን አይመለስም። ሙሉ ገንዘቡን ይመልሱ፣ በቀጥታ ይቅርታ ይጠይቁ፣ ከዚያ ምንም አይጠብቁ።

በግማሽ ዋጋ መክፈት

ትልቅ ቅናሽ ሰው ይሰበስባል። ነገር ግን አበባ ላይ ርካሽ ዋጋ ሌላ ትርጉም አለው። ደንበኛ “ለምን ረከሰ?” ብሎ ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት መልስ “አርጅቶ ይሆናል” የሚል ነው። ትኩስ አበባ አምጥተው አሮጌ ያስመስሉታል። የሚበላሽ ዕቃ ትርፉ ጠባብ በመሆኑም ከሚጣለው ጋር ተደምሮ የመጀመሪያው ወር ኪሳራ ይሆናል።

ለቀድሞ ደንበኛ አንድ ሁለት ዘለላ መጨመር ወይም በጥሩ ወረቀት አሳምሮ መጠቅለል ይበቃል። ዋጋ ጨምሮ ከሆነ ደግሞ አበባው ሳይታሰር በፊት ይናገሩ። “በስንት ውስጥ እንሥራልዎ?” ብለው ጠይቀው በዚያው ልክ ያዘጋጁ። ታስሮ ካለቀ በኋላ የሚሰማ አዲስ ዋጋ ሰውን ያስደነግጣል፤ አፍሮ ይከፍላል፣ ዳግም ግን አይመጣም።

“የት ጠፍተሽ ነበር?” ማለት

የጠፋነው እኛ ነን። ደንበኛዋ በዚህ ጊዜ ከሌላ ሱቅ ስትገዛ ከርማ ይሆናል፤ ይህንን እንድታስረዳ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ራሷ ብትነግርዎት እንኳን የሌላውን ሱቅ አበባ አያጣጥሉ። “እንኳን መጣሽ” ማለት በቂ ነው።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚፈልገው የማስታወስ ጉዳይ ነው። ጎበዝ አበባ ሻጭ የደንበኞቹን ልደትና የጋብቻ በዓል መዝግቦ ይይዛል። ይህ ሀብት ነው። ነገር ግን ሱቁ በተዘጋበት ጊዜ የሰዎች ሕይወት አልቆመም። በየዓመቱ ለሚስቱ ቀይ ጽጌረዳ ይገዛ የነበረ ሰው ተፋቶ ይሆናል። ወይም ሚስቱን ቀብሮ ይሆናል። “እንደተለመደው ለባለቤትዎ ነው አይደል?” የሚለው ደስ የሚል ጥያቄ ቁስል ሊነካ ይችላል። ከመዝገቡ አውጥቶ “የጋብቻ በዓልዎ ደርሷል” የሚል መልእክት መላክም ያው አደጋ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቆዩ ቀኖችን ተመርኩዘው መልእክት አይላኩ። ሰውየው ሲመጣ “ዛሬ ለማን እናዘጋጅ?” ብለው ይጠይቁ። የሚነግርዎትን ያዳምጡና መዝገቡን ያድሱ።

ለሐዘን የሚገዛ ሰው ሲመጣ ስለ መክፈቻው ምንም አያውሩት። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ስም አጻጻፉን ጠይቀው መልሰው ያንብቡለት።

አበባውን ሰጥቶ እንክብካቤውን አለመናገር

ደንበኛው ለረጅም ጊዜ አበባ ሳይገዛ ቆይቶ ይሆናል፤ የሚያውቀውንም ረስቶት ይሆናል። አጭር ነገር ይንገሩት፤ በትንሽ ወረቀትም ጽፈው ያያይዙለት። ግንዱን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በሰያፍ መቁረጥ። ከውሃው በታች የሚሆነውን ቅጠል ማንሳት። ውሃውን በየሁለት ቀኑ መቀየር። ከፀሐይ፣ ከምድጃና ከፍራፍሬ ሳህን ማራቅ። የአበባ ምግብ ከረጢት ይስጡት። ውስጡ ስኳር፣ የውሃውን አሲድነት የሚያስተካክልና ባክቴሪያ የሚገታ ነገር አለ፤ ስኳር ብቻ መጨመር ባክቴሪያውን መመገብ ይሆናል።

ሊሊ ለሚገዛ ሰው ደግሞ “ቤት ውስጥ ድመት አለ?” ብለው ይጠይቁ። ሊሊ ለድመት ገዳይ ነው፤ ኩላሊቷን ያጠፋል። ብናኙና ማስቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ እንኳን አደገኛ ነው። ድመት ካለ አልስትሮሜሪያ ያሳዩት፤ ሊሊ ይመስላል እንጂ እንደዚያ አይጎዳም።

ከቀናት በኋላ “አበባው እንዴት ነው?” የሚል አጭር መልእክት ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ይላኩ። ቶሎ ከደረቀበት ያለ ክርክር ይተኩለት። ከዚያ ያ አበባ ከየትኛው ጭነት እንደመጣ ይመልከቱ። ሁለት ሦስት ሰው ስለ አንድ ጭነት ካማረረ ጥፋቱ ከመንገድ ወይም ከማቀዝቀዣዎ ሊሆን ይችላል፤ የቀረውን አይሽጡ።

ያልተመለሰን ደንበኛ ማሳደድ

ሁሉም አይመለስም። ሰፈር የቀየረ አለ፤ ሌላ ሱቅ የለመደ አለ። በየቀኑ ቴሌግራም ላይ መልእክት መላክ ሊመጣ ያሰበውንም ያሰለቻል። አንድ ጊዜ መከፈትዎን ይንገሩት። ከዚያ ትልቅ በዓል ሲቃረብ፣ ትእዛዝ መቀበል ሲጀምሩ፣ አንዴ ብቻ ያስታውሱት። “አትላኩልኝ” ያለዎትን ሰው ስልክ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ያውጡ፤ ሌላው ባልደረባዎ ሳያውቅ እንዳይልክለትም ይንገሩት።