ድኩላን ከዛፍ ላይ ለምትጠብቁ፦ ቁንጥር አመድ ያዙ

በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንት ተራሮች የምኒልክ ድኩላን ለማየት ወይም ፎቶግራፍ ለማንሳት ዛፍ ላይ ወጥታችሁ ስትጠብቁ፣ ገና ሳይታያችሁ እንደ ውሻ ጮኾ ከጠፋባችሁ አብዛኛውን ጊዜ አሽትቷችሁ ነው።

ዛፍ ከመምረጣችሁ በፊት ጥቂት የደቀቀ አመድ ከጣታችሁ ልቀቁ። አመዱ ድኩላው ይወጣበታል ወዳላችሁት ቁጥቋጦ ከሄደ፣ ዛፉ የቱንም ያህል ቢመች ተዉት። ጎሕ ሲቀድ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከዳገቱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ስለዚህ ከእንስሳው መንገድ በታች ያለ ዛፍ ይሻላል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ግን አየሩ ሽቅብ ይዞራል፣ ጠረናችሁም አብሮት ይወጣል። ያን ጊዜ ወደ ላይኛው ወገን መዛወር ነው፤ ካልሆነም እስከ ማታ መተው። ድኩላ እንደሆነ በቀትር ከጥሻው እምብዛም አይወጣም።

እባካችሁ ካሜራ አንጠልጥላችሁ አትውጡ። ባዶ እጃችሁን ውጡ፣ ራሳችሁን ከግንዱ ጋር እሰሩ፣ ከዚያ ቦርሳውን በገመድ ሳቡት። ወገብ ላይ ብቻ የታሰረ ገመድ የወደቀን ሰው ክፉኛ ይጎዳል፤ ትከሻንና ጭንን አብሮ የሚይዝ ቀበቶ ተጠቀሙ፤ ገመዱም አጭር ይሁን። የደረቀ ቅርንጫፍ አትርገጡ።

ነፋሱ አቅጣጫውን በሚቀያይርበት ቀን አመዱ አይረዳችሁም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያውኑ ውረዱ። በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ማደን ክልክል ነው፤ ለማየትም ቢሆን አስቀድማችሁ ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ።