ከቀዝቃዛ ባሕር ወደ ደብረ ብርሃን ለምትመጡ ጠላቂዎች

እንደ ስኮትላንዱ ስካፓ ፍሎው ባለ ቀዝቃዛ ውኃ የሰመጠ መርከብ ጎብኝታችሁ በማግስቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ለመብረር ያሰባችሁ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ከሲሊንደሩ አየር ጋር የምትተነፍሱት ናይትሮጅን በውኃው ግፊት ሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ሳይወጣ ከፍ ያለ ቦታ ከደረሳችሁ ግን ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋ ሆኖ ሊጎዳችሁ ይችላል። ጥልቀቱ ሲያንስ አየሩ ስለሚበረክት ብዙ ትቆያላችሁ፤ የሚጠራቀመውም በዚያው ልክ ነው። ስትወጡ ብርድ ከያዛችሁ ደግሞ ደም ሥር ስለሚኮማተር ናይትሮጅኑ ቶሎ አይለቅም።

የተለመደው መመሪያ አንዴ ለጠለቀ ቢያንስ 12፣ ለደጋገመ 18 ሰዓት ከበረራ በፊት ማረፍ ነው። እኔ ሙሉ ቀን ጠብቁ እላለሁ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ የ2400 ሜትር ከፍታን ያህል ነው፤ ደብረ ብርሃን ግን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጣርማ በርማ ከ3000 ያልፋል! ስለዚህ ቦሌ በሰላም ወረድን ብሎ ነገሩን መርሳት አያዋጣም። መገጣጠሚያችሁን ቢቆረጥማችሁ ወይም እግራችሁ ቢደነዝዝ የደጋው ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ አትተኙ፤ ሆስፒታል ሄዳችሁ መቼና ስንት ጊዜ እንደጠለቃችሁ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ሳይነገር ማን ያስበዋል?